ስንት ሰዓት ቆመን?
በችርቻሮ ንግድ ሠራተኞች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ክቡራን እንግዶች፣ በተለይም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ ጤና ይስጥልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ አላችሁ። የተቀመጣችሁ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው፤ መቆሙን በሥራ ቦታ ቆመነዋል።

እናቴ በመደብር ሻጭ ነበረች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በገንዘብ ተቀባይነት ሠራሁ። ልጄ ዛሬ መደርደሪያ ትሞላለች። በቤታችን አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። እናቴ «እኛ በዚያች ደመወዝ ቤት ይዘን ልጅ አሳድገናል፤ የእናንተ እጅ ነው ገንዘብ የማይበረክትበት» ትላለች። ልጄ ደግሞ «ደመወዜ በቁጥር ከአንቺ ብዙ እጥፍ ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ቤት እንኳን መከራየት አቅቶኛል» ብላ ትመልሳለች። እኔ በመሐል ተቀምጬ ለማን እንደምፈርድ ግራ ይገባኝ ነበር።

ክርክሩ የተፈታልኝ ሂሳቡን ከገንዘብ ወደ ሰዓት ስቀይረው ነው። ይህን ነገር ለማግኘት ስንት ሰዓት ቆሜ መሥራት አለብኝ? እንዲህ ሲቆጠር እናቴ ቴሌቪዥን ለመግዛት ከዓመት በላይ ቆጥባለች፤ ልጄ በጥቂት ሳምንት ሥራ ትገዛዋለች። ልብሱም እንደዚሁ ነው። ኪራዩ ግን ተገልብጧል። እናቴ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራዋ የምትዘጋው ኪራይ ለልጄ ሦስት ሳምንት ሠርታም አይሞላላትም። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አንዷ የምታየው ሌላኛዋ የማታየውን ነው።

ምክንያቱ የልጆቻችን ማባከን አይደለም። በፋብሪካ የሚመረት ዕቃ ማሽኑ በተሻሻለ ቁጥር የሚፈጀው የሰው ድካም እያነሰ ይሄዳል። መሬት ግን አይመረትም፤ ሕፃን መጠበቅ፣ ማስተማርና ማስታመምም በማሽን ፍጥነት አይፋጠኑም። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ባውሞል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ሲያስረዳ የሙዚቃ ጓድን ምሳሌ አድርጎ ነበር፤ አራት ሰዎች የሚጫወቱት ሙዚቃ ዛሬም እንደ ጥንቱ አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ዓለም በረከሰ ዕቃ ተሞልታለች፤ እኛም ቀኑን ሙሉ በዚያ ዕቃ መካከል ቆመን እንውላለን። የሚያየን ሰው የጠገብን ይመስለዋል።

«ጭማሪውን ከዋጋ ግሽበት ጋር አስተካክለናል» ሲባልም ልብ በሉ። የግሽበቱ ቁጥር የሚሰላው በብዙ ሰው አማካይ ወጪ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳሳየው ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይበዛል። የቴሌቪዥን መርከስ አማካዩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ቴሌቪዥን ግን በየወሩ አይገዛም፣ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እናቴ የመደብሩን ዋጋ ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር። አሠሪዋ እሷን ለማባረር ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሜምፊስ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ የሚገበይበት መደብር ሲከፈት የሻጩ ሥራ አንድ ክፍል ወደ ገዢው ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በኦሃዮ አንድ እሽግ ማስቲካ በባርኮድ ተነብቦ ተሸጠ፤ የእናቴ ዓይነቱ የቃል ዕውቀትም ቀስ በቀስ ወደ ማሽን ገባ። ከዚያ በኋላ «ማንም ሊሠራው የሚችል ሥራ» ተባልን። ማሽኑ ሥራችንን አፋጠነው፤ በአንድ ሰዓት የምናስተናግደው ሰው በዛ። የፍጥነቱ ፍሬ የት እንደገባ የነገረን ሰው የለም። ያ «ማንም» የተባለው ሰው ዛሬ አራት የራስ መክፈያ ማሽኖችን ብቻውን ይጠብቃል፣ የተበላሸውን ያስነሳል፣ የተቆጣውን ደንበኛ ያበርዳል።

ሕግስ? ኒውዚላንድ ደመወዝን በግልግል ዳኝነት የሚወስን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 131 ዝቅተኛው ደመወዝ ሲወሰን የሠራተኛውና የቤተሰቡ ፍላጎት፣ የኑሮ ውድነቱም ይታይ ብሏል። ወለል ማስቀመጥ ብቻውን ግን አይበቃም። የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው። ብዙ ግዛቶች የየራሳቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ባላደረጉት ግን ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ተሸርሽሯል።

«የችርቻሮ ትርፍ ቀጭን ነው፤ ደመወዝ ከጨመርን ሰው እንቀንሳለን» ይሉናል። ቀጭን መሆኑ በብዙ መደብር እውነት ነው፤ አልክድም። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ፈጣን ምግብ ቤቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት ግን ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ ሲል የሥራ ቅጥር ሲቀንስ አላገኘም። ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ቢያንስ ግን «ያለ ጥርጥር» የሚለውን ቃል ከድርድሩ ጠረጴዛ ማንሳት ይቻላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ዘዴ ነው። እኔ በሠራሁበት ቦታ አንድ ጊዜ የሰዓት ክፍያችን አደገ፤ አጨበጨብን። በሚቀጥለው ወር የፈረቃ ሰሌዳው ሲለጠፍ ሰዓታችን ተቆርጦ አገኘነው። በወሩ መጨረሻ እጃችን የገባው ከቀድሞው ያነሰ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮው ጥያቄያችን ስለ ሰዓት ክፍያ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ግማሽ ነው። የተረጋገጠ ዝቅተኛ የሥራ ሰዓትና ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት የሚታወቅ ሰሌዳ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይጻፍልን።

ወንበራችሁ ላይ ወረቀት አለ። ሦስት ነገር ጻፉበት፦ የሰዓት ክፍያችሁን፣ ባለፈው ወር በእውነት የተሰጣችሁን ሰዓት፣ የቤት ኪራያችሁን። ኪራዩን ለሰዓት ክፍያው አካፍሉት። ስም አያስፈልግም። ተደራዳሪዎቻችን ይህን ይዘው ይገባሉ።

ስትወጡ በር ላይ ለቆመችው ልጅ ስጧት። ልጄ ናት። ዛሬ የሥራ ቀን ሆኖ እዚህ የተገኘችው ፈቃድ ወስዳ አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ ሰዓት ስላልተሰጣት ነው።