ተከራይዋ አበበች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ማስታወሻ ሁሉ ጽፌ። ተውኩት። ተከራይዋ አበበች።

አዎ፣ ያቺው፣ ሌላ ዛፍ ላይ ተጠግታ ስለምትኖር ተከራይ ያልናት ከቦንጋ የመጣችው ትንሿ ኦርኪድ፣ መስኮቱ ጋ የዛፍ ቅርፊት ላይ ታስራ የተንጠለጠለችው። «ኪራይ ከፈለች ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ፣ ይኸው ከፈለች። አንድ አበባ። ሌሎቹ እምቡጦች ቢጫ ሆነው ረገፉ። የአዲስ አበባ በጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የቦንጋን ጫካ እርጥበት ለለመደ ነገር ከባድ ነው። አንዷ ግን ጸናችና ተከፈተች።

ስፋቷ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ ምንም አታዩም። ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለባት፣ ከንፈሯ ላይ ሐምራዊ ጭረት ያላት። ደግሞ ከንፈሯ ያለው ወደ ላይ ነው፣ ከታች አይደለም። አብዛኞቹ ኦርኪዶች እምቡጡ ሲያድግ አንገቱ ይጠመዘዝና ከንፈሩ ወደ ታች ይዞራል። ነፍሳቱ የሚያርፉበት እሱ ላይ ነው። ይቺ አልዞረችም። ፖሊስታኪያ የሚባሉት እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ወገኗ ታወቀ፣ እዚያ ድረስ እርግጠኛ ነኝ። ዝርያዋ ነው ያስቸገረኝ። እኛ አገር ፖሊስታኪያ አንድ ብቻ አይደለም። ገና ቅጠል ብቻ ሳለች ደግሞ ማንንም ትመስላለች።

ለአንድ የዕፅዋት ባለሙያ ጓደኛዬ ፎቶ ላክሁለት። አራት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው የሚሠራው፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት። ወዲያው ደወለ። «ፎቶ አይበቃም» አለኝ። «አበባዋን ቁረጪና ከንፈሯን ዘርጊው። ጸጉሩን እይ፣ መሃል ላይ ያለውን እብጠት እይ። ከዚያ አልኮል ውስጥ አድርገሽ አምጪልኝ። ተጭኖ ከደረቀ ቅርጹ ይጠፋል።»

እሺ አልኩ። በቃ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አዲስ ምላጭ አወጣሁ። ጠረጴዛውን መስኮቱ ጋ አስጠጋሁ። በግራ እጄ መነጽሩን፣ በቀኝ እጄ ምላጩን ያዝኩ። ቀረብ ስል ትንፋሼ አወዛወዛት። ትንፋሼን ያዝኩ። ቆመች። ያን ጊዜ ከንፈሯ ላይ ዱቄት አየሁ። ቢጫ፣ ደቃቅ ዱቄት። የአበባ ብናኝ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ብዙ ፖሊስታኪያዎች ሐሰተኛ ብናኝ ይሠራሉ። ንቦች እሱን ሊለቅሙ ይመጣሉ። እውነተኛው ብናኝ ከላይ፣ ቆብ በመሰለች ክዳን ሥር፣ እንደ ጥቅል ተቀምጧል። ንቧ ዱቄቱን ስትለቅም ጥቅሉ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል።

እና ዱቄቱ እዚያ አለ። አንዲት ንብ በሌለችበት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለማንም ተዘርግቶ። እጄ ቆመ። ምላጩን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁ። እንደገና ሳያት... አላውቅም። ለምን እንደቆምኩ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። አሳዘነችኝ ልል አልችልም፣ ማዘን አልነበረም። ብቻ እጄ አልሄደም።

ደግሞ እኮ መቁረጥ ክፉ ነገር አይደለም። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነበር፣ ከ1837 ጀምሮ እዚህ ኖሮ 1878 ላይ አድዋ የሞተ፣ በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ። ሰሜኑን እየዞረ ስንቱን ተክል ቆርጦ፣ አድርቆ ወደ አውሮፓ ላከ። ከእኛ ዕፅዋት በርከት ያሉት ሳይንሳዊ ስም ያገኙት ከዚያ ደረቅ ቅጠል ነው። እሱ ባይቆርጥ እኛ ዛሬ የምንገልጠው መጽሐፍ ምን ይኖረው ነበር? ቆይ፣ የሺምፐር ሕይወት ራሱ አንድ ክፍል ይወጣዋል። የትግራይና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አንድ ወረዳ እንዲያስተዳድር ሾመውት ነበር፣ ታውቃላችሁ? ኧረ ልመለስ።

ትናንት ማታ ቦንጋ፣ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ቡናቸውን ሲመነጥሩ ኦርኪዷን ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይ አንስተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «አበበች!» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጋሼ አሁንም የቡናውን ወዝ ትመጥጣለች ነው የሚሉት። አትመጥጥም እኮ ጋሼ። ሥሯ ቅርፊቱን ይዞ ብቻ ነው የሚቀመጠው። የምትጠጣው ዝናብና ጉም ነው። እኔም በሃይላንድ ያስቀመጥኩትን የዝናብ ውኃ ስረጭባት ያ ነጣ ያለው ሥር ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ይሄን ስነግራቸው ይሰሙኛል፣ ከዚያ «እሺ ልጄ» ይላሉ።

ከዚያ ዛፏ እንዴት ናት አልኳቸው። ያቺ ትልቋ ዋንዛ፣ ቡናውን የምታጠላው። ጋሼ ዝም አሉ። «ባለፈው ክረምት ወደቀች» አሉኝ። ነፋስ ነው አሉ። ሥሯ በስብሶ ነበር አሉ። ሌላ ነገር አወራን።

እንግዲህ... እዚያ ግንድ ላይ ስንት እንዲህ ዓይነት ነበረ? ምናልባት ሙሉ ጫካው እሷ በእሷ ነው። ጎረቤት ያሉት ዛፎች ላይ ሞልታ ይሆናል፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የምጨነቀው። ምናልባትም አይደለም። ስሟ ከታወቀ ይሄን መጠየቅ ይቻላል። የት የት ተገኝታለች፣ ከየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ። ስም ከሌላት ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ስለዚህ መቁረጥ አለብኝ። ይሄ ግልጽ ነው።

ግን ደግሞ ሌላ ጊዜ ታብባለች። ከተሻላት ብዙ ታወጣለች፣ ያን ጊዜ አንዷን ቆርጬ... ከተሻላት ነው እንግዲህ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደውሏል ዛሬ። አላነሳሁለትም። አበባዋ ስንት ቀን እንደምትቆይ እንጃ፣ ነገ ልትጠወልግም ትችላለች፣ ያኔ ሁለቱም... እ። ቆይ እስቲ፣ እሱ ነው መሰለኝ የሚደውለው። ላንሳለት።