እጅ የሚነሳው ሕፃን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ልጅ አዝሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሥራዬ ሕፃናትን ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን የውስጥ ምስል በሚያወጣ ማሽን፣ ማንሳት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ልጁን ማሽኑ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውንም ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአገራችን ልጅ የ5 ወር ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርጋ፣ ከዚያ ቀና። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና። እንዲህ እያለ 20 ጊዜ ይደጋግመዋል። አያቱ «ይኸው እጅ ይነሳል፣ ጨዋ ልጅ!» እያሉ ይስሙት ነበር። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ሆዱን ነፍቶት ነው ብሎ መለሳት። 3 ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ በስልኳ ቀርጻ ለሌላ ሐኪም አሳየች። እሱ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው፤ ልጁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛ።

ይህ ኢንፋንታይል ስፓዝም ይባላል። የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፣ ግን አይጥልም፣ አረፋም አያስደፍቅም። ለዚህ ነው የሚያታልለው። እ.ኤ.አ. በ1841 ዊሊያም ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የገዛ ልጁን እንዲህ ሲሆን አይቶ፣ የሚረዳው ቢያገኝ ብሎ ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ዘመን ሕመሙን «የሰላምታ መንቀጥቀጥ» ይሉት ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም እንደሚል ሰው ስለሚያደርግ። የኛ አያት የተናገሩት ያንኑ ነው። ያዩት ልክ ነበር። ሕመም መሆኑን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

የልጁን ልብስ ስናወልቅ ሆዱና ጭኑ ላይ ነጫጭ ምልክቶች ነበሩት፣ ሞላላ፣ ቅጠል የሚመስሉ። እናቱ ቶሎ ብላ በፎጣ ሸፈነቻቸው። «ለምጽ እንዳይሉብኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። ከተወለደ ጀምሮ በሰው ፊት አጥባው አታውቅም። ለምጽ አልነበረም። ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል የዘረመል ሕመም ከሚታወቅባቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ላይ ይታያል። ስፓዝሙን ያመጣበትም ይኸው ሕመም ነው፤ የደበቀችው ነገር መልሱ ነበር።

ሕመሙ ከ6,000 ልጆች በ1 ገደማ ላይ ይገኛል። ቲኤስሲ1 እና ቲኤስሲ2 የሚባሉ 2 ጂኖች አሉ፤ የሴሎችን እድገት እንደ ፍሬን ይይዛሉ። አንዱ ሲበላሽ ፍሬኑ ይላላል። አንጎል፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ቆዳ ላይ እባጮች ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ1880 ቡርንቪል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አንጎል ላይ ያገኛቸው እባጮች ጠጣር፣ ድንች መሳይ ነበሩ። ስሙ ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ እናቶችን አንድ ነገር ልለምን። ከ3 ታማሚዎች 2ቱ ገደማ ከማንም አልወረሱትም። የጂኑ ለውጥ እነሱ ላይ የጀመረ ነው። በእርግዝና ወቅት የበላሽው፣ የደነገጥሽው፣ ቡናው፣ የሰው ዓይን፣ አንዱም አላመጣውም። ወላጅ ሕመሙ ካለበት ግን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወላጆችም ይመርመሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «ጨረር አይጎዳውም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ኤምአርአይ ራጅ አይደለም። በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። የሚያስቸግረው ጩኸቱ ነው። ጥቂት ሳምንት የሆነው አራስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የእንቅልፍ መድኃኒት አንሰጥም። እናቱ እዚያው ጡት ታጠባዋለች። ጆሮውን እንደፍናለን፣ በብርድ ልብስ ጥቅልል እናደርገዋለን፣ መብራት እንቀንሳለን። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዴ 1 ሰዓት እሹሩሩ እንላለን። ትንፋሹ ረጋ ሲል በጣት ጫፍ እየተራመድን እናስገባዋለን። ከፍ ያለ ልጅ ግን ዝም ብሎ ስለማይተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ትንፋሹን ይከታተላል።

የሕፃን አንጎል ምስል ደግሞ ልዩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጠኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ነርቮቹ ሽፋናቸውን ገና እየለበሱ ነው። የአራስ ምስል ከአዋቂ ምስል ጋር ሲነጻጸር ነጩና ግራጫው የአንጎል ክፍል የተገለበጠ ይመስላል። 6 ወር አካባቢ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ መለየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ሐኪሙ «ከጊዜ በኋላ ይደገም» ሲላችሁ መበሳጨት የሌለባችሁ። የልጁ አንጎል በየወሩ መልኩን እየቀየረ ነው።

ሕመሙን ቀድሞ ማወቅም ይቻላል። አንዳንዱ ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ፣ በአልትራሳውንድ ልቡ ላይ እባጭ ሲታይ ሕመሙ ይጠረጠራል። የልብ እባጮቹ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው እየከሰሙ ይሄዳሉ፣ ግን ቀድመው አንቅተውናል። እንዲህ ቀድሞ የታወቀ ሕፃን ምንም ባይታይበትም፣ 1 ዓመት እስኪሞላው በየ6 ሳምንቱ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎል ሞገድ ምርመራ፣ እንዲነሳ ይመከራል፤ የአንጎሉ ሞገድ ከመንቀጥቀጡ በፊት ሊለወጥ ስለሚችል። ቪጋባትሪን የሚባል የስፓዝም መድኃኒት አለ። ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል፣ ለዚህ ሕመም ግን በጣም ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ ሕመሙ ላለባቸው ሕፃናት ስፓዝም ሳይጀምር ቀድመው ሰጥተው ሞክረውታል። ስፓዝሙን ቀንሷል። 2 ዓመት ሲሞላቸው ግን በአእምሮ እድገታቸው ላይ ልዩነት አላሳየም። ይህን የምነግራችሁ ተአምር ነው ብዬ እንዳላሳስታችሁ ነው።

የልጃችሁን ምስል አይታችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የማሰብ ችሎታቸው እንደማንኛውም ሰው ነው። ምስሉ የትኛው ልጅ እንዴት እንደሚያድግ አይነግረኝም።

ያ ልጅ ዘግይቶ ተራመደ፣ ዘግይቶ ተናገረ። አሁንም ለክትትል ኤምአርአይ ይመጣል፣ እስከ 25 ዓመቱም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይቀጥላል። ባለፈው ሲመጣ ብርድ ልብሱን ራሱ መረጠ። እናቱ ከእንግዲህ በፎጣ አትሸፍነውም።

እ.ኤ.አ. በ1974 አራት እናቶች የመሠረቱት የዚህ ሕመም ማኅበር ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቲኤስሲ አሊያንስ ይባላል። አስተርጓሚ ሆኜ ይዣችሁ ለመሄድ እኔ ዝግጁ ነኝ።

ስትወጡ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ልጃችሁ ሲነቃ እንዲያ የሚያደርግ ከሆነ፣ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ካለ አሳዩኝ። ከሌለ ነገ ጠዋት ሲነቃ ቅረጹትና ሰኞን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።