የእጅ ሻንጣዬን መጀመሪያ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። አጠገቤ ወለሉ ላይ የእጅ ሻንጣዬ ተከፍቶ ተቀምጧል። አርብ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ፤ እስቲ ስለሱ ላውራችሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሰው አገር ቤት ሊሄድ ነው ከተባለ ስልኩ አያርፍም። «ትንሽ ነገር ናት፣ ግማሽ ኪሎ አትሞላም» ይባላል። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የሕፃን ልብስ፣ ያገለገለ ስልክ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እኔም በሰው እጅ ስንት ዕቃ ልኬያለሁ። ሁለቱ ትልልቅ ሻንጣዎች 23 23 ኪሎ ሞልተው ሲዘጉ፣ የተረፈው ሁሉ የእጅ ሻንጣው ውስጥ ይጠቀጠቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና ስሄድም እንዲሁ ሆነ። እናቴ ስኳር አለባት። ለስኳር መለኪያዋ የሚሆን የሦስት ወር ስትሪፕ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካበት ቀጭን ቁራጭ፣ ገዝቼላታለሁ። ሌሊት ላይ የእጅ ሻንጣው አልዘጋ ሲለኝ ስትሪፑን አውጥቼ ትልቁ ውስጥ ከተትኩት፤ ቦታውን የአደራ ስኒከር ያዘው። በአውሮፓ በኩል ነበር የሄድኩት። ቦሌ ደርሼ ሻንጣ ሁሉ ተነስቶ እስኪያልቅ ቆምኩ። የኔ አልመጣም። የመጣው በአራተኛው ቀን ነው።

ስኒከሩ በማግስቱ ለባለቤቱ ደረሰ። እናቴ ግን የነበራት ስትሪፕ አልቆ እኔን ነበር የምትጠብቀው። ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ፤ ለእሷ መለኪያ የሚሆን አጣሁ። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ስንት ይሆን?» ትላለች፤ ከዚያ ዝም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። «ዕቃ አይደል ልጄ፣ ይመጣል» ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእጅ ሻንጣዬን የማዘጋጀው ትልቁ ገና ባዶ ሳለ ነው። ትልቁ ጭራሽ ባይመጣ የሚያስለቅሰኝ ምንድን ነው? እሱ እዚህ ይገባል። መድኃኒት፣ ከነሐኪም ማዘዣው። ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ እባካችሁ ወደ ጭነት ክፍል አትላኩት፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወሰድም። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ የሚለው ደንብ እዚህ አሜሪካ ለሕመምተኛ መድኃኒት አይሠራም፤ ፍተሻው ላይ ቀድሞ መናገር ብቻ ነው። ፓወር ባንክም ከናንተው ጋር ይሁን። ባትሪው እሳት ቢያነሳ ሰው የሚያየው ቦታ መሆን አለበት።

መመለሻው ደግሞ ሌላ ነው። እናቶቻችን «እንዳይሰበር በእጅሽ ያዢው» ይላሉ። ማርም ሆነ ንጥር ቅቤ ለፈታሾች እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ወደ አሜሪካ ስትመጡ በእጅ የያዛችሁት ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ሊያስቀሩትም ይችላሉ። በርበሬውም ሽሮውም በሶውም ትልቁ ውስጥ ይሂድ። እኔ አንዴ የእናቴን ማር ፍተሻው ላይ ጥዬ አልፌያለሁ። ደውላ «ማሩ በደህና ደረሰ?» ስትለኝ «ደርሷል እማዬ» አልኳት። እስከዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም።

ትናንት ማታ ጎረቤቴ ደወለች። ለእህቷ ልጅ የምትልከው ጫማ አለ። «መጀመሪያ የኔን ልመዝንና ልደውልልሽ» አልኳት። ድሮ ይሄን ለማለት አፌን ይይዘኝ ነበር። መዘንኩ። የእጁ 7 ኪሎ ሞልቷል፤ ትልቁ ላይ ሁለት ኪሎ ይተርፋል። ደወልኩላት፣ አመጣችው፣ አብረን ከፍተን አየነው፤ ጫማው ትልቁ ውስጥ ገባ።

ስትሪፑ ከፓስፖርቴ ጎን ነው። አሁን እያወራሁም እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ አለ። ሰላም ሁኑልኝ።