5 ፐርሰንት ግድ ይሰጠዋል

ሀ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያበላሻትን አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ይዘናል። «አይ ኩድንት ኬር ለስ»። ደንታ የለኝም ለማለት።

ለ፦ «አይ ኩድ ኬር ለስ» አይደለም እንዴ?

ሀ፦ (ሳቅ) በቃ፣ ይኸው! እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

ለ፦ ምን ሆንሽ ደግሞ?

ሀ፦ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተኳርፈን ነበር። ሁለት ሳምንት ዝም። አንድ ማታ «ሥራ ልቀይር ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «አይ ኩድ ኬር ለስ»።

ለ፦ ውይ!

ሀ፦ ቆይ ስማኝ። እኔ ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። ከዚህ ባነሰ ግድ ሊሰጠው ይችላል፤ ስለዚህ አሁን ትንሽ ግድ ይሰጠዋል። 5 ፐርሰንት እንኳ አለ!

ለ፦ 5 ፐርሰንት! (ሳቅ)

ሀ፦ ደስ ብሎኝ «እኔም ናፍቀኸኛል» አልኩት። ከልብ ጋር።

ለ፦ ቀይ ልብ?

ሀ፦ ቀይ። አነበበው። ጭጭ። ቆይቶ «ምን?» ብሎ ጻፈ።

ለ፦ አፈርኩልሽ።

ሀ፦ ያበላሸው እሱ ነዋ! እየው፣ «ኩድንት» ካልክ ግድህ ዜሮ ነው፤ መውረጃ የለህም። «ኩድ» ካልክ ግን ገና መውረጃ አለህ። አንዲት «ንት» ጥሎ እኔን አዋረደኝ!

ለ፦ አሜሪካኖች ግን ይሏታል እኮ፤ ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጀምሮ። ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን በአንድ ትርጉም መዝግቧል።

ሀ፦ መዝገበ ቃላት ሰው የሚለውን ይመዘግባል። ልክ ነው አላለም።

ለ፦ የቋንቋ ተመራማሪው ስቲቨን ፒንከርም «ኩድ» ሲሉ ምፀት ነው ብሏል። የድምፁን ቃና ስትሰሚው...

ሀ፦ ቴክስት ምን ድምፅ አለው?

ለ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረታሽኝ። በግማሽ።

ሀ፦ በአማርኛስ? «ግድ የለም» ስልህ እያጽናናሁህ ነው። «ግድ የለኝም» ብልህስ?

ለ፦ በአንዲት «ኝ» ተጣላን!

ሀ፦ አየህ! ስለዚህ ስትጽፉ «ኩድንት» በሉ። ፈተና ላይ፣ የሥራ ኢሜይል ላይ...

ለ፦ የሥራ ኢሜይል ላይ «ደንታ የለኝም» የሚል ማነው?

ሀ፦ (ሳቅ) እሱም አለ።

ለ፦ ከጓደኛ ጋር ስናወራ ግን «ኩድ» ችግር የለውም።

ሀ፦ አለው!

ለ፦ እሺ ይሁንልሽ። ለመሆኑ ታረቃችሁ?

ሀ፦ ታረቅን። አሁን ሲያኮርፍ ፐርሰንቱን ነው የምጠይቀው። ዛሬ ጠዋት «3» አለኝ።

ለ፦ ከ5 ወረደ? እንግዲያው ልጁ ያኔም ልክ ነበር!