ቲክ ብቻ

እሺ... እየቀዳ ነው። ዛሬም ስለ ሰማያዊዋ መኪና ነው፣ አልነሳም ስላለችው። «ባትሪ ግዛና ተገላገል» የምትሉኝ ሰዎች፣ አፋችሁን ሳትከፍቱ ልቅደማችሁ፦ ባትሪው ደህና ነው። አድሮ ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት ነው፤ ሙሉ ነው ማለት ነው። 12.2 ቢሆን ኖሮ ግማሽ ነው እልና አብሬያችሁ እስቅ ነበር። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቁልፉ ዞሮ «ቲክ» ብሎ ጸጥ የሚልባት ያቺ ሰከንድ።

እስቲ ቀስ ብለን እንያት። ቁልፉ ይዞራል። ከቴስተር፣ ከቮልት መለኪያው ማለቴ ነው፣ በፊት የሚናገረው የክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ መብራት ነው። ድርግም ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ፣ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር፣ ኃይል ጠይቋል ግን አላገኘም፤ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። መብራቱ ቦግ እንዳለ ቀርቶ ቲክ ብቻ ከሆነ ግን፣ ያ ትልቁ ኃይል ከነጭራሹ አላለፈም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የሚታዘዘው መድኃኒት ግን አንድ ነው፣ ባትሪ ቀይር። የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ይሠራል! አዲሱ ባትሪ ጉልበት ስላለው የተበላሸውን ግንኙነት ለጊዜው ይሸፍነዋል። ገንዘቡ ወጣ፣ በሽታው እዚያው አለ።

ቆይ፣ ወደዚያች ሰከንድ ልመለስ። አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ኮፈኑ ስር ይሆናል። ማርሹ ፍሪ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉ፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው፣ ቀጭን ሽቦ ተነቅሎ። ቴስተሩ 20 ዲሲ ቮልት ላይ። መጀመሪያ ባትሪው ራሱ፦ የቴስተሩ ጫፎች የሚያርፉት ከባትሪው የወጡት የእርሳስ ጉጦች ላይ ነው፣ ማሰሪያው ላይ አይደለም። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ነው ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ቀጥሎ አንዱ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው ከሞተሪኖው አካል። ቁልፉ ይዙር። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ኔጌቲቩ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ቡሎን፤ እዚህ እስከ 0.5 ድረስ ይታለፋል።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ቲክ ካለስ? ሞተሪኖው ላይ ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ ከባትሪ የሚመጣበት፣ ሌላው ወደ ራሱ ወደ ሞተሪኖው የሽቦ ጥቅል የሚገባበት። ቲክ ባለበት ቅጽበት በሁለቱ መካከል 12 አካባቢ ከታየ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተዋል። የድሮ ቶዮታዎች ላይ ያለው የዴንሶ ሞተሪኖ በዚህ የታወቀ ነው፤ መዳቦቹ ለብቻቸው ይቀየራሉ፣ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም። ይሄን ደግሜ ልበለው? ሙሉ ሞተሪኖ አያስፈልግም።

«በኦም ለክቼዋለሁ፣ ሽቦው ደህና ነው» የሚል አለ፤ ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም መለኪያ ነው። ጀልባ እኮ ውኃው ጸጥ እስካለ ድረስ በስፌት ክር ታስራም ትቆማለች። ከወፍራሙ ሽቦ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር ኦም ሜትሩ ዜሮ ነው የሚላችሁ። ሞተሪኖ ግን 150 አምፒር ሊስብ ይችላል። 0.02 ኦም ብቻ ብትኖር 3 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ኃይል እያለፈ ካልተለካ መለኪያው ምንም አልነገራችሁም።

ደግሞ ሁሉን በጣና ማላከክ! «የሐይቁ እርጥበት ነው የበላው» ይባላል። ጣና ጨው የለውም፣ ጨዋማ ባሕር አይደለም። ባትሪው ጫፍ ላይ የሚያብበው ያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከባትሪው ከራሱ አሲድ የሚመጣ ነው። እርጥበት ያግዘዋል፣ እሺ፣ አልክድም። ማጽጃው ቀላል ነው፦ በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታል፣ ሲመለስም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው፤ አለዚያ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ብልጭታ ነው። ለብ ያለ ውኃ በቤኪንግ ሶዳ፣ ወደ ባትሪው ቀዳዳ ሳይገባ። ብርጭቆ ወረቀት። ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን።

ማንም የማያየው ግን ከሞተር ወደ ቦዲ የምትሄደው ሽቦ ናት። አሮጌ መኪና ቀለም ይቀባል፣ ቀቢው ቡሎኗን አብሮ ይቀባታል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከዚያ ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ይላል፣ ሰው ጂን ገባባት ይላል።

ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል በሉኛ። የት? ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለቁልቁለት ሲባል ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ማደር አይቻልም። ባጃጅስ የድሮው በእጅ ማንሻ ይነሳ ነበር፣ ቀናሁበት።

ብቻ... ሰማያዊዋ ቲክ የምትለው ሲሞቃት ነው። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የመዳብ ሙቀት ከነበረበት በ60 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው ወደ ሩብ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሞተሪኖው ሳቢ፣ ቲክ ብሎ መዳቦቹን የሚያገናኘው ማግኔት፣ ይደክማል፣ ከቁልፉ በምትመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ትንሽ ቮልት መጥፋቱ ያኔ ይጎዳል። ሪሌ፣ በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ይግባ የሚሉ አሉ። ይሠራል። ግን የቁልፉ ውስጥ መበላቱ እንዳለ ተሸፈነ ማለት አይደል? ያው ባትሪ መቀየር... አይ፣ ልክ አይደለሁም መሰል፤ ሪሌ ጭነቱን ከቁልፉ ላይ ያነሳለታል፣ ይሄ ሽፋን ብቻ አይደለም። ልቤ አልቆረጠም።

ቴስተር ሲቀርብ ደግሞ ትነሳለች። ሽቦ ስትነካ የተነሳች መኪና ደግሞ አልዳነችም፤ የቱ እንደተነካ ስለማይታወቅ። ስለዚህ የቁልፉ ቀጭን ሽቦ ከሚገባበት ከሞተሪኖው ትንሿ ተርሚናል ረጅም ሽቦ ወደ ጋቢና ማስገባት፣ ሥሩ ላይ 1 አምፒር ፊውዝ፣ ቴስተሩ ወንበር ላይ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ማየት። ከ8 በታች ከሆነ የቁልፉ መስመር ነው፣ 11 ሆኖ ቲክ ካለ ደግሞ... ግን ሽቦው በየት ይለፍ? በዚያ በኩል ጭስ ማውጫው አለ፣ በላይ በኩል ደግሞ ካርቡሬተሩ... ቆይ፣ በመሪው ቀዳዳ በኩል ከሆነ ምናልባት...