ጣሳው ምን አለ? ሴሚዮቲክስ በደሴ ሰፈር

(ምስል፦ ደሴ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሰፈር። ዘንግ ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ።)

እስቲ ይህን ጣሳ እዩት። ዝጓል። አፉን ወደ ታች ደፍተው ዘንግ ላይ ሰክተውታል። አንዲት ፊደል አልተጻፈበትም። የሰፈሩ ሰው ግን ቀና ብሎ አይቶ “ጠላ አለ” ይላል። እንዴት አወቀ? ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ሴሚዮቲክስ ይባላል፤ ሥነ ምልክት የሚሉትም አሉ።

የስዊዙ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ምልክትን ለሁለት ከፈለው። የምናየው ወይም የምንሰማው ገጽ ሲግኒፋየር ነው። ያን ስናይ በአእምሯችን የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ሲግኒፋይድ ነው። የሁለቱ ትስስር ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም። ሰኞ ገበያ ላይ አንዱ “ውሃ” ሲል ከከሚሴ የመጣው በኦሮምኛ “ቢሻን” ይላል፤ ሁለቱም ጥማቸውን ይቆርጣሉ። ውሃው ራሱ “ውሃ በሉኝ” አላለም። ሶሲር በ1913 እ.ኤ.አ. አረፈ። ትምህርቱን ባልደረቦቹ ከተማሪዎች ማስታወሻ ሰብስበው ያሳተሙት በ1916 ነው።

(ምስል፦ ጦሳ ተራራ፣ ጉም ለብሶ።)

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ደግሞ ምልክትን በሦስት ይለያል። ጸጉር ቤት በር ላይ የተሳለው መቀስ መቀስን ስለሚመስል አይከን ነው። ጦሳ ላይ ጥቁር ደመና ሲከብድ ዝናብ መምጣቱን እናውቃለን፤ ደመናውና ዝናቡ በእውን የተያያዙ ስለሆኑ ይህ ኢንዴክስ ነው። በስምምነት ብቻ የሚሠራው ሲምቦል ይባላል። ጣሳችን በዋናነት እዚህ ይመደባል። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ “ማን ረስቶት ነው?” ብሎ ያልፋል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው “ሲግኒፋየር ማለት ሰም፣ ሲግኒፋይድ ማለት ወርቅ ነው” ይላል። ሲሰማ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ለዚህ ቪዲዮ የገጠምኳትን ስሙ፦

ቡና ብታፈላ፣ ስኳር ብትጨምር፣
ጤና አዳም ከሌለ ምን ሊጣፍጥ ነበር?

ሰሙ ሲኒው ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል ናት። ወርቁ፦ አዳም ሆይ፣ ጤና ከሌለ ምንም አይጥምም። ልብ በሉ፤ ሰሙ ባዶ ድምፅ አይደለም። ቅጠሏ ስም አላት፣ ሐሳብም አላት። ገጽና ሐሳብ ያለው ሙሉ ምልክት ነው። ያ ሙሉ ምልክት እንዳለ ተነሥቶ ለሌላ ሐሳብ ገጽ ይሆናል። ወርቁ ያለው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ዘመናዊ ሚቶች፣ ማለትም ኅብረተሰቡ ሳይጠይቅ እንደ እውነት ስለሚቀበላቸው ሐሳቦች፣ በጻፈው መጽሐፍ ያሳየው አሠራር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። የመጀመሪያው ምልክት በሙሉ የሁለተኛው ሲግኒፋየር ይሆናል። የቀጥታው ፍቺ ዲኖቴሽን፣ ከላይ የሚደረበው ኮኖቴሽን ይባላል። ልዩነት ግን አለ። ባለ ቅኔው ወርቁን እንድንፈልገው ነው የሚቀብረው። ባርትን ያሳሰበው ሁለተኛው ፍቺ ማንም ሳይፈልገው፣ የተፈጥሮ እውነት መስሎ ሲገባ ነው።

(ምስል፦ የአይጠየፍ አዳራሽ።)

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን ይህን አዳራሽ ውሰዱ። “አይጠየፍ” በቀጥታ ሲፈታ የማይጸየፍ ማለት ነው። ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ከቃሉ አልፎ የንጉሡን ማዕድ ያስባል፤ ትልቁም ትንሹም የሚስተናገድበት ቤት ይታየዋል። አንዲት ግሥ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ታወራለች። አዳራሹን ስታዩ ሁለቱን ጠይቁ፦ ቃሉ ምን ይላል? እንዲህ ብሎ የሰየመውስ ምን እንድናስብ ፈልጎ ነው?

(ምስል፦ መሸት ብሏል። ዘንጉ አለ፣ ጣሳው የለም።)

የጠላ ቤቱ ባለቤት ጣሳውን አወረደችው። ሶሲር ምልክት ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎች በመለየቱ ነው ይላል። ጣሳ መኖሩ የሚናገረው አለመኖሩም ስለሚናገር ነው። በዚያ የሚያልፈው ሰውዬ ባዶውን ዘንግ አየ፣ እርምጃውንም ሳያቆም መንገዱን ቀጠለ። ጠላው አልቋል።