ብሎኬቱን አትደብቁት

ጤና ይስጥልኝ። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሱቅ ለማሠራት ያሰባችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብሎኬት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ልስን የሚጠብቅ ግድግዳ ነው። እንገነባዋለን፣ እንለስነዋለን፣ ቀለም እንቀባዋለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀለሙን ደግሞ እናድሳለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። በደንብ ከታሰበበት ብሎኬቱ ራሱ ተሸካሚም ፊትም ይሆናል። የሱቅ ህንፃ ፊቱ መስታወት ነው፤ ጎኑና ጀርባው ግን ረጅም ድፍን ግድግዳ ነው። ጋሪ ይገጨዋል፣ ዕቃ የጫነ መኪና ይታከከዋል። ብሎኬት ይህን ይችላል፤ ልስን አይችልም።

ቁጠባው የሚጀምረው ሳይት ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሱቅ ግድግዳ 7.25 ሜትር ብዬ ሣልኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሳይት ስሄድ ግንበኛው በሩ ጥግ ላይ ሦስት ጣት የምታህል ቁራጭ ሲወሽቅ አገኘሁት። በየመደዳው አንድ ቁራጭ፣ ከታች እስከ ላይ። «ይሄን ምን እናድርገው ኢንጂነር?» አለኝ። ያዳነን ልስን ነው፤ ሂሳቡን የከፈለው ባለቤቱ።

በብዙ ቦታ የተለመደው ብሎኬት ርዝመቱ 39፣ ከፍታው 19 ሴንቲሜትር ነው። ብሎኬቶቹን የሚያያይዘው አንድ ሴንቲሜትር ሞርታር ሲታከልበት 40 በ20 ይሆናል። እንግዲያው ሁሉንም በ20 ቁጠሩት፤ ግድግዳውን፣ የበሩን ወርድ፣ የመስኮቱን ከፍታ። የኔ ግድግዳ 7.20 ቢሆን ኖሮ 18 ብሎኬት ተደርድሮ ያልቅ ነበር። መቁረጫም አይነሳም፣ ስብርባሪም አይዛቅም።

ውበቱስ? ፊቱ የተፈለጠ ብሎኬት እንደ ድንጋይ ይሻክራል። ከላይ መብራት ሲወርድበት ጥላው ሕይወት ይሰጠዋል። ፊቱ የተሞረደው ደግሞ ውስጡ ያለውን ጠጠር አውጥቶ ያሳያል። ሁለቱን በመደዳ ማፈራረቅ ብቻውን ጌጥ ነው። የተፈለጠውን ግን ሰው የሚታከክበት መግቢያ ላይ አታድርጉት፤ ኮቴን የጫረኝ እንደዚያ ያለ ግድግዳ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1923 ፓሳዲና፣ ካሊፎርኒያ፣ የሚላርድን ቤት ሲነድፍ የተጠቀመው ይህንኑ ተራ የተባለ ኮንክሪት ነው። ቅርጽ ባለው ሻጋታ አስወጣውና ግድግዳው ሌላ ጌጥ አላስፈለገውም።

ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ። ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። ሳይለሰን የሚተው ከሆነ ውሃ መከላከያው ብሎኬቱም ሞርታሩም ሲቦካ ይግባ፤ ግርጌው ላይም የገባው ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት። ግድግዳ ላይ ነጭ ጨው የሚያወጣውም ይኸው ውሃ ነው። ሌላው፣ ብሎኬት እየደረቀ ሲሄድ ይሰበሰባል። በየ6 ወይም 7 ሜትሩ ቀጥ ያለ ክፍተት ካልተተወለት የሚሰነጠቅበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። መስመሩ ዓይን ይረብሻል ካላችሁ የአሸንዳውን ቱቦ ፊት ለፊቱ አውርዱት።

ከሁሉም በፊት ግን ሜትር ከ20 በሜትር ከ20 የሆነች ናሙና ግድግዳ አሠሩ። ሞርታሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ በምን እንደሚዳመጥ ከግንበኛው ጋር እዚያው ተስማሙ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጎን ሆናችሁ እዩዋት፤ ጠማማ መስመር ያን ሰዓት አይደበቅም። ሥራው እስኪያልቅም እንዳታፈርሷት።

አመሰግናለሁ።